ከመጽሐፉ ጀርባ በእርሳስ የጻፍኩት ስም

የስንዴ ዱቄት ሙጫ ከሸተተኝ አርባ ምናምን ዓመት ሆኖኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ሞጣ ከነጃት ሱቅ ደጃፍ ስደርስ ያ ሽታ ተቀበለኝና እግሬ ቀጥ አለ። ነጃት አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት፣ የጨርቅ ነጋዴው የጋሽ ይመር ልጅ ናት፤ አሁን የአባቷን ሱቅ ግማሹን ተካፍላ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች፣ መብራት ሲኖር ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። መንገድ በተከፈተ ሰሞን ከአዲስ አበባ ሁለት ካርቶን አዳዲስ ልብ ወለድ አስመጥታ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ይምጡና ለልጅ የሚሆነውን ለልጅ፣ ለጎረምሳ የሚሆነውን ለጎረምሳ፣ ለትልቅ ሰው የሚሆነውን ለትልቅ ሰው ይለዩልኝ» ብላ ለምናኝ ነው የሄድኩት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለውን ልመና እምቢ ማለት አላውቅበትም። ነጃት መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ በጣሳ ያፈላችውን ሙጫ በጣቷ እየጠቀሰች፣ በየመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ የተሰመረ ወረቀት ትለጥፋለች። «ምንድን ነው እሱ?» አልኳት። «ያነበበ ሰው ስሙንና ዕድሜውን የሚጽፍበት ነዋ! ድሮ ቢቸና እንዲህ እናደርግ ነበር ብለው ክፍል ውስጥ የነገሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች። እውነቷን ነው፣ ነግሬያቸዋለሁ። የነገርኳቸው ግን ግማሹን ነው።

ቢቸና የተመደብኩት ከመምህራን ማሰልጠኛ በወጣሁበት ዓመት፣ በሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ከጨመርክበት ጠግበህ ትውላለህ። ወንዶቹ ከታች የሚሰፋውን ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ጭቃው ላይ ታኮ ጫማ አድርገው ሲሄዱ ማየት ነበር! እኛም ብንሆን አናንስም፤ እኔ ራሴ ከጉልበቴ ከፍ ያለች ሰማያዊ ጉርድ ነበረችኝ፣ አባቴ ሲመጣ ብቻ ሳጥን ውስጥ የምትደበቅ። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ቴፑን በር ላይ አውጥቶ ያስዘፍናል፤ ካሴቱ ሲረግብበት በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪያጠነጥን ቆሞ ይጠብቃል። ዛሬ ሞጣ ላይ ያ ዓይነት ዘፈን ከስልክ ሲወጣ እሰማለሁ፣ ግን ማንም ቆሞ አይጠብቅም። እንዲያውም ዘንድሮ መንገድ ላይ የሚቆም ሰው የለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ፈጠን ፈጠን ይላል፣ ሱቁም ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል።

ትምህርት ቤቱ ጠመኔና የተሰበረ ወንበር የሚያጉርበትን ክፍል አስለቅቄ ማንበቢያ ቤት አደረግሁት። መደርደሪያው የሳሙና ሣጥን ነው። አዲስ ልብ ወለድ ሲወጣ የአውቶቡሱ ሹፌር ያመጣልኛል፤ የወፍራሙ ዋጋ ሁለት ብር ከሃምሳ ነበር፣ መምህራኑ አዋጥተን እንገዛዋለን። ከጀርባው ስም ማጻፉ ደግሞ የመጣው ከአባቴ ነው። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ኖረው ነው ወገባቸው ጎብጦ የቀረው። መጽሐፉ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ የጻፈውንም፣ ያጻፈውንም፣ ያነበበውንም፣ የሰማውንም ማርልን ብለው ስም ያሰፍራሉ። «ስም መጽሐፍ ላይ የሚገባው ለምሕረት ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም የዘመኑ ሰው ነኝ ባይ፣ ይህን ለልብ ወለድ አመጣሁት። ያነበበ ሁሉ ከጀርባ በስንዴ ሙጫ በምለጥፈው ወረቀት ላይ ስሙንና ዕድሜውን በቀለም ይጽፋል። በዚህም አላበቃሁም። አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እኔ አነበዋለሁ፤ ሳነብ «ይሄ ለእገሌ ነው የተጻፈው» የምለው ሰው ይመጣብኛል። የዚያን ሰው ስም አስቀድሜ በእርሳስ እጽፋለሁ። ሰውዬው አንብቦ ሲመልስ ራሱ በቀለም ይደርብበታል። ያኔ የሚሰማኝን ደስታ አትጠይቁኝ፤ ሽማግሌ ልኬ አጋብቼ የተሳካልኝ ይመስለኝ ነበር።

መጽሐፍን ከዕድሜ ጋር ማጋባት ሞያ ነው። ለልጅ ምክር የሚሰጥ ታሪክ አትስጡት፤ የሚያስፈራ ስጡትና መጨረሻው ላይ ደኅና አግቡት። ለጎረምሳ ከዕድሜው ሁለት ዓመት ከፍ ያለውን ስጡት፣ ሰረቅሁ ብሎ ያነበዋል። ለሽማግሌ ደግሞ ስለ ሞትና ስለ ንስሐ የሚያመጡለት ሰዎች ያናድዱኛል። ሽማግሌ ሞትን ከናንተ የበለጠ ያውቀዋል፤ ፍቅር ስጡት! ይህን ያስተማሩኝ ግራዝማች ወንድይራድ ናቸው። ከሰማንያ ያለፉ፣ ከዘራቸውን በር ላይ አንኳኩተው የሚገቡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ነበሩ። «የኔ ልጅ፣ የሚሳሳሙበት አለ?» ብለው በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። «አለ ግራዝማች፣ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው» ስላቸው፣ «አንድም ቢሆን ከምንም ይሻላል» ይሉና ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠውት ይሄዳሉ። ሌላው አንባቢዬ ልንገርህ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ደብረ ወርቅ በኩል ቅኔ ሲቆጥር አድጎ ዘግይቶ አስኳላ የገባ፣ ቁምጣውን በገመድ የሚታጠቅ፣ ሲያነብ ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ ልጅ። አንድ መጽሐፍ በሁለት ቀን ጨርሶ ይመልስና፣ «መምህርት፣ ይሄ ሰውዬ መጨረሻውን ቸኮለበት» ብሎ ደራሲውን ያርመዋል። እናቱ መሃይም ናቸው፤ ማታ ማታ ያነበበውን ለእሳቸው ይተርክላቸው ነበር።

አንድ ጊዜ ስለ አንድ ሆዳም የወረዳ ሹም የሚያወራ አዲስ ልብ ወለድ መጣ። እንዴት አሳቀኝ መሰላችሁ! መጽሐፉ በግልጽ፣ በአደባባይ የሚሸጥ ነበር። ሳነበው ሁለት ሰው መጣብኝ፤ መጀመሪያ ግራዝማች፣ ቀጥሎ ልንገርህ። ከጀርባው በእርሳስ የሁለቱንም ስም ከነዕድሜያቸው ጻፍኩ። መጽሐፉን ለግራዝማች ሰጥቼ ሳለ ወሬው ተለወጠ። ምን እንደተለወጠ ዛሬም አጥርቼ መናገር አልችልም፤ ትናንት ያሳቀን መጽሐፍ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ሰው ዝም ይላል። መምህራኑ ሻይ ቤት መቀመጥ ተዉ። አንድ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባ ደምለው መጥተው፣ «የውብዳር፣ ነገ ሰዎች ይመጣሉ፤ ያቺን መጽሐፍ ነው የሚፈልጉት» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩኝ። ሮጥኩ። ግራዝማች ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ፣ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው እያነበቡ አገኘኋቸው።

«ግራዝማች፣ ያቺን መጽሐፍ ልወስዳት ነበር» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ? አሥር ገጽ ብቻ እኮ ነው የቀረኝ። ሹሙ ሊጋለጥ ነው መሰለኝ። ነገ ጠዋት ውሰጃት።»

«ዛሬ ብትሰጡኝ...»

«ነገ አልኩሽ እኮ የኔ ልጅ! ለሽማግሌ አሥር ገጽ ትነፍጊያለሽ?»

ምን ልበል? የሰማንያ ዓመት ሰው፣ የአባቴ ታላቅ፣ «ነገ» ካሉ ነገ ነው። ከትልቅ ሰው እጅ መጽሐፍ መንጠቅ ያደግሁበት አይደለም። «የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ልቅደዳት» ማለትም አሳፈረኝ፤ አባቴ ከመጽሐፍ ገጽ ሲቀደድ ቢያዩ ይረግሙኛል። ኪሴ ውስጥ ላጲስ ነበረኝ። ለአንድ አፍታ ቢሰጡኝ ኖሮ በቂ ነበር። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁና ሄድኩ። በማግስቱ በጠዋት ስመለስ ሰዎቹ ቀድመውኛል። ግራዝማችን ስለ ዕድሜያቸው ብለው አልነኳቸውም። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ አንዱ ሰው መጽሐፉን ከፍራሹ ላይ አነሳና አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ ከጀርባው ገለጠው። በእርሳስና በቀለም መካከል ልዩነት እንዳለ ማንም አልጠየቀም። ልንገርህን ከክፍል ጠርተው ወሰዱት፤ የሒሳብ ደብተሩ ዴስኩ ላይ ክፍቱን ቀረ። እኔንም ሦስት ሳምንት አቆይተው ለቀቁኝ። እሱ አልተመለሰም።

እናቱ በየገበያው ቀን እንቁላል ይዘው ቢቸና ይመጣሉ፤ ሽጠው ሲጨርሱ ማንበቢያ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። «ልጄ፣ የኔ ልጅ ምን አንብቦ ነው?» ይሉኛል። «ምንም አላነበበም እማማ፤ ገና አልሰጠሁትም ነበር» እላቸዋለሁ። የእንቁላል መያዣቸውን አንስተው ይሄዱና በሚቀጥለው ገበያ መጥተው ያንኑ ይጠይቁኛል። አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ጠየቁኝ። በመጨረሻ እኔ ነኝ የሸሸሁት፤ ዝውውር ጠይቄ፣ በግንደወይን በኩል በጭነት መኪና ላይ ከነሣጥኔ ሞጣ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ለማንም መጽሐፍ ስመርጥ በአፌ እንጂ በእጄ አልመረጥኩም። የማንንም ስም በእርሳስ አልጻፍኩም። ለነጃትና ለክፍል ጓደኞቿ ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። ደስ የሚለውን ነገርኩና የሚያምመውን ዋጥኩት፤ ጥፋቴ እሱ ነው።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ሙጫው እንደሸተተኝ ያልነገርኳትን ግማሽ ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና መጽሐፍ መለየት ያዝኩ። ሃያ ሦስት መጻሕፍት ናቸው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ጅብ የሚተርከውን ለትንንሾቹ አልኩ፤ ጅቡ ደንበኞቹን ሲለካ ያስፈራል፣ መጨረሻው ግን ደኅና ነው። ባጃጅ ስለምትነዳ ልጅ የሚያወራውን ለአሥራ ስድስት፣ ለአሥራ ሰባት ዓመቶቹ፤ ስድብ አለበት፣ ይኑርበት። ሁለት ጊዜ ስለታሰረና ሦስት ጊዜ ስላገባ ጡረተኛ ሹፌር የሚያወራው ስድስት መቶ ገጽ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ደግሞ ለእኔ ቢጤ። ሳላስበው ደስ እያለኝ መጣ። የባጃጇን መጽሐፍ ከጀርባው ስገልጥ ግን አምስት ስም ተጽፎበት አገኘሁ። የመጀመሪያው «አንዋር ይመር፣ 17» ይላል።

«ነጃት፣ ማበደር ጀምረሻል እንዴ?»

«ሳምንት ሆነኝ እኮ። ስድስቱ ወጥተው ተመልሰዋል። አንዋርማ ባጃጇን በአንድ ቀን ነው የጨረሳት!» አለች። አንዋር ታናሽ ወንድሟ ነው። አሥራ ሰባት የሚለውን ቁጥር አፍጥጬ አየሁት።

«እነዚህን ወረቀቶች አሁን አንሺያቸው» አልኳት።

«ለምን ቲቸር? ልብ ወለድ እኮ ነው።»

መልሴን ሳልጀምር አንድ ሰው ሱቁ ውስጥ ገባ። ሰላሳ የማይሞላው፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው ወጣት ነው። ሁለታችንም አናውቀውም። የማን ሰው እንደሆነም አላውቅም፤ ዘንድሮ ማን የማን እንደሆነ እርግጠኛ የሆነ ሰው ካለ እሱ እድለኛ ነው። «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ እስክሪብቶ ገዛና አጠገቤ ካለው ክምር የባጃጇን መጽሐፍ አነሳ። ሰው መጽሐፍ ሲያነሳ መጀመሪያ ሽፋኑን ነው የሚያየው። ይህኛው ገና ከማንሳቱ ከጀርባው ገለጠው። 

«ጥሩ ሥራ ጀምራችኋል» አለ ለነጃት። «እነዚህ ልጆች የዚህ ሰፈር ናቸው? መጽሐፎቹን ለአንድ ቀን ብወስዳቸው፣ ነገ እመልሳለሁ።»

እኔ ተነስቼ ከእጁ ወሰድኩት፤ ቀስ ብዬ፣ እንደ አሮጊት። «አይሆንም ልጄ፣ ጀምሬዋለሁ። አሥር ገጽ ነው የቀረኝ» አልኩት። «ሌሎቹንም ገና እየለየሁ ነው። ነገ ጠዋት ና።»

«ዛሬ ቢሰጡኝ ይሻል ነበር እናቴ።»

«ነገ አልኩህ እኮ የኔ ልጅ! ለአሮጊት አሥር ገጽ ትነፍጋለህ?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወቀኝ። ወጣቱ መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ነጠላዬን አየ። እናት ያሳደገችው ነው መቼም፤ ለትልቅ ሰው መታዘዝን አስተምራዋለች። ጎንበስ አለና፣ «እሺ እናቴ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ለሁሉም» ብሎ ወጣ።

ነጃት ሱቁን ዘጋችና ያላወራኋትን ግማሽ ያኔ አወራኋት። ጨርቅ በውሃ ነክራ ከየመጽሐፉ ጀርባ ወረቀቶቹን መላጥ ጀመረች። የላጥነውን ከሰል ምድጃ ውስጥ ጨመርን፤ በሕይወቴ ያቃጠልኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፣ አባቴ ይቅር ይበሉኝ። ባዶውን ብንተወው የተላጠው ያስታውቃል። ስለዚህ በሃያ ሦስቱም ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፍንና በሁሉም ላይ በገዛ እጄ፣ በቀለም፣ አንድ ስም ብቻ ጻፍኩ፤ «የውብዳር፣ 71።» ነጃት ፀሐይ ሳትጠልቅ ያነበቡት ልጆች ቤት እየዞረች ምንም መጽሐፍ እንዳላዩ እንዲናገሩ አስጠነቀቀች። ጋሽ ይመር አንዋርን ወደ ሌላ አገር፣ ወደ አክስቱ ለመላክ ወሰኑ፤ መንገዱ ግን እንደገና ተዘግቷል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ገና ሲከፈት ጃኬቱን አየሁት።

«እንደምን አደሩ እናቴ፤ ጨረሱት?»

«ጨረስኩት ልጄ። ግባ።»

አንድ በአንድ ከጀርባ እየገለጠ አየ። አልቸኮለም። የጅቡን መጽሐፍ ይዞ፣ «የልጆቹንም እርስዎ ነዎት ያነበቡት?» አለኝ። «ሰው ሲያረጅ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል ይባል የለ» አልኩት። «ትናንት ሌላም ስም ያየሁ መስሎኝ ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። መነጽሬን አወለቅሁና በነጠላዬ ጫፍ መጥረግ ጀመርኩ።

«ታዲያ ከእርስዎ በቀር የሚያነብ የለም?»

«በዚህ ከተማ ማን ያነባል ብለህ ነው» አልኩት። «ማንም አያነብም።»

አርባ ሰባት ዓመት፣ መጀመሪያ ቢቸና ኋላም ሞጣ፣ ሰው እንዲያነብ ስለምን፣ ስቆጣ፣ ስሸነግል ኖሬ፣ ይህን በገዛ አፌ ተናገርኩት። ለልንገርህ እናት የተናገርኩት እውነት ነበር፤ አልዳነበትም። ይህኛው ውሸት ነው፤ እንዲያድን ለመንኩ። ነጃት ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ወጣቱ ፈገግ አለና፣ «ያሳዝናል» አለ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፤ «ለእኔ ዕድሜ የሚሆነው የትኛው ነው?»

እግዜር ይፍረድብኝ፣ ከልቤ አሰብኩለት። ልማድ ክፉ ነው። ፊቱን አይቼ ለሃያ ስምንት ዓመት ሰው የሚሆነውን በዓይኔ ፈለግሁ። ከዚያ ነቃሁና የጡረተኛውን ሹፌር አንስቼ ሰጠሁት። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ። «ስምህን ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ስም ይቅር እናቴ» አለ። «ስጨርስ አመጣዋለሁ።»

ሰውየው ሲርቅ ነጃት፣ «የትኛውን ነው የሰጡት?» አለችኝ።

«ወፍራሙን።»

ስድስት መቶ ገጽ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚገልጥ ሰው በሦስት ቀን ይጨርሰዋል፤ ከልቡ የሚያነብ ግን አንድ ወር ይፈጅበታል፣ እስከዚያ መንገዱ ይከፈት ይሆናል። አንዋር ከቤት አይወጣም። እኔ በየጠዋቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስወጥቼ እቀመጣለሁ፣ ያ ባለ ጃኬቱ ልጅ ከልቡ እንዲያነብ እጸልያለሁ።